ቆጣሪው ያለፋት ዙር

በዛሬው ዓምዳችን የፊንላንዱን ሯጭ የቮልማሪ ኢሶ-ሆሎን ሕይወት ባጭሩ እናቀርባለን። ዘመኑን ሁሉ የጻፍነው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ኢሶ-ሆሎ የሚታወቀው በ3000 ሜትር መሰናክል ነው። ይህ ሩጫ እንዲህ በቀላሉ የሚወጡት አይደለም። ዛሬ ባለው ደንብ ሯጩ 28 ጊዜ አግዳሚውን፣ 7 ጊዜ ደግሞ ውሃ ያለበትን መሰናክል ይዘላል። እግሩ በውሃ ከራሰ በኋላም ፍጥነቱን መጠበቅ አለበት።

ኢሶ-ሆሎ በ1907 ተወለደ። በልጅነቱ ዋና፣ ጂምናስቲክ፣ ቦክስና የበረዶ ሸርተቴ ይሞክር ነበር፤ ወደ ሩጫ የዞረው ወታደር ቤት ከገባ በኋላ ነው። በ1924 ሪቶላ፣ በ1928 ሎውኮላ የመሰናክሉን ወርቅ ለፊንላንድ አስገኝተው ስለነበር ከሱም የሚጠበቀው ያው ነበር።

በ1932 ሎስ አንጀለስ ላይ መጀመሪያ በ10,000 ሜትር ተሰለፈና በፖላንዱ ኩሶቺንስኪ በ1.2 ሰከንድ ብቻ ተቀድሞ ብር አገኘ። ቀጥሎ በመሰናክሉ ማጣሪያ በ9 ደቂቃ ከ14.6 ሰከንድ የኦሎምፒክ ክብረ ወሰን አሻሻለ። ታዲያ በፍጻሜው ከዚያ የተሻለ ሰዓት ቢጠበቅ ምን ይደንቃል?

ነገሩ ግን ሌላ ሆነ። ዙር ቆጣሪው ዳኛ አንዷን ዙር ሳይቆጥር አለፋት። ሯጮቹ 3000 ሜትሩን ጨርሰው ሳለ ደወል የለም፣ የሚያስቆማቸውም የለም፤ አንድ ዙር ጨምረው 3460 ሜትር ሮጡ። ኢሶ-ሆሎ በ10 ደቂቃ ከ33.4 ሰከንድ አንደኛ ወጣ፤ ክብረ ወሰኑ ግን ውሃ በላው። የባሰው የአሜሪካዊው የማክላስኪ ነው። በትክክለኛው ርቀት ሁለተኛ የነበረው እሱ ሲሆን፣ በትርፏ ዙር እንግሊዛዊው ኤቨንሰን በ0.2 ሰከንድ ቀደመው። ማክላስኪም ውጤቱን ተቀብሎ ነሐሱን ይዞ ሄደ።

ኢሶ-ሆሎ 4 ዓመት ጠበቀ። በ1936 በርሊን ላይ በ10,000 ሜትር ነሐስ ካገኘ በኋላ መሰናክሉን በ9 ደቂቃ ከ3.8 ሰከንድ አሸነፈ። እስከዚያ ጊዜ ድረስ ከዚያ ፈጥኖ የሮጠው አልነበረም። በዘመኑ ግን የዚህ ሩጫ የዓለም ክብረ ወሰን በይፋ ስለማይመዘገብ መዝገብ ላይ አልሰፈረለትም። ኋላ የቁርጥማት በሽታ ቢይዘውም እስከ 1945 ድረስ ከውድድር አልራቀም። በ1969 አረፈ። በተከታታይ ኦሎምፒክ ይህን ሩጫ ሁለቴ በማሸነፍ፣ የሞሮኮው ኤል ባካሊ በ2021 እና በ2024 እስኪደግመው ድረስ፣ ብቻውን ቆየ። የኛው እሸቱ ቱራም በ1980 ሞስኮ ላይ በዚሁ ሩጫ ነሐስ ማግኘቱን እዚህ ላይ እናስታውሳለን።

እኛን ግን ከሜዳልያው ይልቅ ያች ዙር ታሳስበናለች። ሯጩ የተቻለውን አደረገ፤ የተሳሳተው ቆጣሪው ነው። ነገ ፊሽካውም፣ የስም መጥሪያውም፣ የማርክ መዝገቡም በእጃችን ይገባል። እኛ ለአፍታ ዞር ብንል የተማሪው ልፋት ሊጠፋ፣ ደረጃውም ለሌላ ሊሰጥ ይችላል። ተማሪው ደግሞ እንደ ኢሶ-ሆሎ 4 ዓመት ቆይቶ የሚክስበት ዕድል ላያገኝ ይችላል። መቁጠር ትንሽ ሥራ ትመስላለች እንጂ ትንሽ አይደለችም።