ዮፍታሔ ንጉሤ

ቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ንጉሤ (1887 ገደማ – 1939 ዓ.ም.) ኢትዮጵያዊ ባለቅኔ፣ የቴአትር ጸሐፊ፣ የመዝሙር ደራሲና መምህር ነበሩ። በአማርኛ ቴአትር ከጻፉት ቀደምት ሰዎች አንዱ ሲሆኑ፣ ከ1923 እስከ 1967 ዓ.ም. ያገለገለውን «ኢትዮጵያ ሆይ ደስ ይበልሽ» የተባለውን ብሔራዊ መዝሙር ግጥም እንደጻፉ ይነገርላቸዋል። በእርሳቸው ዘመን ቴአትር የተማሪዎችና የመኳንንት ጉዳይ ነበር። ኋላ ግን የከተማ ቤተሰብ ትኬት ቆርጦ የሚገባበት መዝናኛ ሆነ።

ልደትና ትምህርት

ዮፍታሔ የተወለዱት በጎጃም ደብረ ኤልያስ ነው። ደብረ ኤልያስ በቅኔ ትምህርት ስሙ የታወቀ ደብር ሲሆን፣ ደራሲው ሀዲስ ዓለማየሁም በልጅነታቸው ተምረውበታል። ዮፍታሔ በዚያው ዜማና ቅኔ ተማሩ። ቀኝ ጌታ የሚለው ማዕረግ የመጣው ከቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ነው። በማሕሌት ጊዜ መዘምራን በቀኝና በግራ ሲቆሙ የቀኙን ወገን የሚመራው ቀኝ ጌታ፣ የግራውን የሚመራው ግራ ጌታ ይባላል። ይህ ትምህርት በኋላ ሥራቸው ላይ በግልጽ ይታያል። ሰዎችን በወገን አቁሞ ማዘመም፣ ተራ እየሰጡ ማቀባበል፣ ቃልን ሰምና ወርቅ አድርጎ መናገር ለእርሳቸው ከመድረክ በፊት የታወቀ ሙያ ነበር።

ከዚያም ወደ አዲስ አበባ መጥተው በመምህርነት ሠሩ። በቅዱስ ጊዮርጊስ ትምህርት ቤትም አስተማሪና ኃላፊ ሆነው አገልግለዋል።

በጊዜው የነበረው መዝናኛ

በሃያኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ የአዲስ አበባ ቤተሰብ የሚዝናናው በአብዛኛው ያለ ክፍያ ወይም በሽልማት ነበር። ለገና የገና ጨዋታ፣ ለጥምቀት ዘፈንና ጉግስ፣ ለሠርግ አዝማሪ ነበር። አዝማሪ ማሲንቆውን ይዞ ከቤት ቤት፣ ከጠጅ ቤት ጠጅ ቤት ይዞራል፤ ገቢውም ከሰሚው እጅ የሚወጣ ሽልማት ነው። ይህ ልማድ ከጎንደር ከተማ እስከ ሳንጃና መተማ ቆላ ገበያዎች ድረስ የታወቀ ነው። ሲኒማ በምኒልክ ዘመን ሲገባ ብዙው ሰው ስለፈራው የሚታይበትን ቤት ሰይጣን ቤት ብሎ ሰየመው።

የመጀመሪያው የአማርኛ ቴአትር በተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የተጻፈው «ፋቡላ» ወይም «የአውሬዎች ኮሜዲያ» ነው። ተክለ ሐዋርያት በሩሲያ ተምረው የተመለሱ ሰው ነበሩ። በአውሬዎች ተረት አስመስለው የዘመኑን አስተዳደር ስለነቀፉ ንግሥት ዘውዲቱ ቴአትሩን አስከለከሉት። ስለዚህ ዮፍታሔ ለመድረክ መጻፍ ሲጀምሩ መድረኩ አዲስ ብቻ ሳይሆን በጥርጣሬም የሚታይ ነበር።

የቴአትር ሥራዎች

ዮፍታሔ ከጻፏቸው ቴአትሮች መካከል «ጥቅም ያለበት ጨዋታ»፣ «ያማረ ምላሽ»፣ «የሆድ አምላኩ ቅጣት»፣ «እያዩ ማዘን» እና «አፋጀሽኝ» ይገኛሉ። የመጀመሪያው ርዕስ ሐሳባቸውን ይናገራል። በዚያ ጊዜ ቴአትር ጨዋታ ይባል ነበር፤ ጨዋታ ደግሞ በካህናትና በሹማምንት ዓይን ሥራ መፍታት ይመስላል። ጨዋታው ጥቅም እንዳለበት ከርዕሱ ማስታወቅ ለአዲሱ መዝናኛ ፈቃድ መጠየቅ ጭምር ነበር።

ቴአትሮቹ በግጥም የተጻፉ፣ መዝሙር የበዛባቸውና ምክር አዘል ናቸው። ባሕርያቱ በአብዛኛው ምሳሌያዊ ስም አላቸው። ጸሐፊው ቅኔ አዋቂ ስለነበሩ አንዱ ንግግር ለሕፃኑ ተረት፣ ለአዋቂው የሀገር ጉዳይ ሆኖ ይሰማል።

ተዋንያኑ የትምህርት ቤት ልጆች ነበሩ። ሴቶች መድረክ ላይ ስለማይወጡ የሴት ባሕርይን የሚጫወቱት ወንዶች ልጆች ናቸው። ቴአትር ይታይ የነበረው በትምህርት ቤትና በሆቴል አዳራሾች ነው። በዚህ ዘመን በዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት መምህር የነበሩት መላኩ በጎሳውም ተማሪዎችን እያሠለጠኑ ቴአትር ያሳዩ ነበር። ተመልካቹ ንጉሠ ነገሥቱ፣ መኳንንቱና የተማሪዎቹ ወላጆች ነበሩ። ልጁን መድረክ ላይ ለማየት የመጣ አባት የቴአትር የመጀመሪያው ቤተሰባዊ ታዳሚ ነበር ማለት ይቻላል።

መዝሙር

በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም አርባ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆችን ለሙዚቃ ጓድ አመጡ። የጓዱ መሪ ኬቮርክ ናልባንዲያን ነበር። «ኢትዮጵያ ሆይ ደስ ይበልሽ» ዜማው የኬቮርክ ሲሆን በ1918 ዓ.ም. ተዘጋጅቶ፣ ከጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ በዓል ጀምሮ ብሔራዊ መዝሙር ሆነ። የደብተራ ቅኔና የአውሮፓ ነፋስ መሣሪያ በአንድ መድረክ መገናኘታቸው ለኋለኛው የከተማ ሙዚቃ መንገድ ከፍቷል።

ስደትና መመለስ

በ1927 ዓ.ም. የኢጣልያ ጦርነት ሲቃረብ በመኰንን ሀብተ ወልድ አነሣሽነት የሀገር ፍቅር ማኅበር ተቋቋመ። ሕዝቡ በአደባባይ ተሰብስቦ ንግግርና ዘፈን ይሰማ ነበር። ተመልካቹ ከአዳራሽ እንግዳ ወደ ተራ ሰው የተቀየረው በዚህ ጊዜ ነው። ወራሪው አዲስ አበባን በ1928 ዓ.ም. ሲይዝ ግን ይህ ሁሉ ቆመ።

ዮፍታሔ ከሀገር ተሰደዱ፤ በሱዳንም ቆዩ። የሱዳን ወሰን ለስደተኞች የተስፋ በር ነበር። በ1933 ዓ.ም. መጀመሪያ በመተማና በገላባት ግንባር ውጊያ ተከፈተ። ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ደግሞ ንጉሠ ነገሥቱ በኦሜድላ በኩል ገብተው ሰንደቅ ዓላማ ተከሉ። ዮፍታሔም ከነፃነት ጋር ወደ ሀገራቸው ተመለሱ።

የመጨረሻ ዓመታትና ሞት

ከነፃነት በኋላ በመንግሥት ሥራ ከፍ ባለ ኃላፊነት፣ በሕግ መምሪያ ምክር ቤትም አገልግለዋል። በ1939 ዓ.ም. ገና በሃምሳዎቹ መጀመሪያ ዕድሜያቸው ዐረፉ። ለቴአትር የተሠራ ትልቅ አዳራሽ ሳያዩ፣ በሙያው ብቻ የሚተዳደር ተዋናይ ሳይበዛ ሞቱ።

ከእርሳቸው በኋላ የመጣው ለውጥ

የሀገር ፍቅር ማኅበር ከነፃነት በኋላ እንደገና ተቋቁሞ ወደ ቴአትር ቤትነት አደገ። በአራዳ፣ በጊዮርጊስ አካባቢ የሚገኘው ይህ ቤት ዘፈን፣ ጭፈራ፣ ቀልድና ቴአትር በአንድ ትኬት ያቀርብ ጀመር። በመሰንቆና ክራር የሚተዳደሩ ሙያተኞች ከሽልማት ወደ ደመወዝ የተሻገሩት እንደዚህ ባሉ ተቋማት ነው። ሴቶችም ቀስ በቀስ መድረክ ላይ ወጡ። በ1948 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር፣ ተከፈተ። ኢጣልያኖች ሲኒማ አድርገው የጀመሩት ሕንፃ ነበር። ቀጥሎም ራስ ቴአትርና የማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ የእሑድ ከሰዓት ተመልካች መሰብሰቢያ ሆኑ።

ከዚያ በኋላ መዝናኛው ወደ ቤት እየተጠጋ መጣ። ሬዲዮ፣ ካሴት፣ ቴሌቪዥን በተራ መጡ። በቴአትር ቤት በማይደረስባቸው ትንንሽ ከተሞች በሳንቲም የሚገባባቸው ቪዲዮ ቤቶች ተከፈቱ፤ ኋላም ብዙዎቹ በሳተላይት ዲሽ የእግር ኳስ ማሳያ ሆኑ። ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ቴአትር ቤት አባትን፣ እናትንና ልጅን አንድ ወንበር ረድፍ ላይ ያስቀምጥ ነበር፤ ኳስ ማሳያው ግን በአብዛኛው የወጣት ወንዶች ቦታ ሆነ።

የሥራዎቻቸው ዕጣ

ዮፍታሔ ከጻፏቸው ቴአትሮች በሕይወታቸው ሳሉ የታተመው ጥቂት ነው። ጽሑፎቹ የተዘጋጁት ለመድረክ ስለነበር ተማሪዎቹ በቃል ይዘው ከተጫወቱ በኋላ ወረቀቱን የሚያስቀምጥ ተቋም አልነበረም። ጦርነቱና ስደቱም ተጨመሩበት። ዛሬ ስለ እርሳቸው የሚታወቀው አብዛኛው ነገር የተገኘው ገጣሚውና የዩኒቨርሲቲ መምህሩ ዮሐንስ አድማሱ ሕይወታቸውንና ሥራቸውን አጥንተው ባዘጋጁት መጽሐፍ ነው። ስማቸው በይበልጥ የሚነሣው በመዝሙሩ ቢሆንም፣ ጨዋታ ጥቅም እንዳለው ለማሳየት የጻፏቸው ቴአትሮች የአማርኛ መድረክ መሠረት ከሚባሉት መካከል ይቆጠራሉ።