ኒኮላ ቴስላ፦ ከውሰት አእምሮ እስከ ራስ አእምሮ

«ነፋስ ስልክ» የሚለው የደቡብ አዲስ አበባ ሰፈር መጠሪያ ሽቦ ሳይዘረጋለት በአየር የሚጓዝን መልእክት ያስታውሳል። በዚህ መንገድ ማሽንን ከሩቅ ማዘዝ እንደሚቻል ቀድመው ካሳዩት አንዱ ኒኮላ ቴስላ ነው። የሮቦት ተመራማሪዎች ግን ስሙን እምብዛም አያነሡም።

ቴስላ እ.ኤ.አ. በ1856 ዛሬ ክሮኤሺያ በምትባለው አገር፣ ስሚሊያን በተባለች መንደር፣ ከሰርብ ኦርቶዶክስ ቄስ ተወለደ። በ1884 ወደ ኒው ዮርክ ተሻግሮ ለጥቂት ጊዜ በኤዲሰን ድርጅት ሠራ፤ በተለዋዋጭ የኤሌክትሪክ ጅረት ላይ በፈጠራቸው መሣሪያዎችም ዝናን አተረፈ።

በ1898 በኒው ዮርኩ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን በባትሪ የምትንቀሳቀስ ትንሽ ጀልባ ውኃ ላይ አሳየ። በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ቁጥሩ 613,809 የሆነ የፈጠራ መብት ተሰጠው። ጀልባዋ ትእዛዝ ትቀበላለች እንጂ ዕቅድ አልነበራትም። እያንዳንዱ ምልክት ማብሪያውን አንድ እርምጃ ስለሚያሸጋግር፣ መሪው የት እንደደረሰ ማስታወስና ጀልባዋን በዓይን መከታተል የአዛዡ ድርሻ ነበር። ማየቱም፣ ማስታወሱም፣ መገመቱም ከውኃው ዳር በቆመው ሰው ራስ ውስጥ ቀርቷል።

ቴስላ ይህን ጉድለት ያውቀው ነበር። በ1900 ባሳተመው ሰፊ ጽሑፍ ጀልባዋ የምትሠራው ከአዛዡ በተዋሰችው አእምሮ መሆኑን ገልጾ፣ ወደፊት የራሱ አእምሮ ያለው ማሽን እንደሚሠራ አመነ። ሰውን ራሱን ለውጭ ስሜት ምላሽ የሚሰጥ ማሽን አድርጎ ያይ ስለነበር ሽግግሩን ሳያቀልለው አልቀረም። ለስሜት ምላሽ መስጠት አንድ ነገር ነው፤ ገና ካልሆኑ ብዙ ነገሮች መካከል መምረጥ ግን ሌላ ነው።

ምርጫውን በስሌት ከሞከሩት ሮቦቶች ቀዳሚው ከ1966 እስከ 1972 በካሊፎርኒያ የተሠራው ሼኪ ነው። የሼኪ ክፍሎች ወለላቸው ለጥ ያለ፣ ዕቃዎቻቸውም ጥቂት ነበሩ፤ ዕቅዱም ሮቦቱ ካልነካው በቀር ዓለም ባለበት ይቆያል በሚል ግምት ላይ ቆሟል። ከሳሪስ ወደ ጎተራ ዕቃ የሚያደርስ ሮቦት ቢታሰብ ግምቱ አንድ መቶ ሜትር አያስኬደውም። ሚኒባስ ድንገት ይቆማል፤ ከኋላው እግረኛ ብቅ ይላል። በክረምት ውኃ የሞላው ጉድጓድ ጥልቀቱ በካሜራ አይታይም። ስለዚህ ፍጥነት መቀነስ፣ ከሌላ ማዕዘን ማየት ወይም መጠበቅ ራሳቸው የዕቅዱ አካል መሆን አለባቸው፤ ይሁንና ሮቦቱ ሲያሰላ ትራፊኩ አይጠብቀውም። በጨነቀው ጊዜ ሰው ይጥራ የሚለው መፍትሔ ዛሬም የተለመደ ነው፤ ኔትወርክ ሲቋረጥ ግን የሚጠራ ሰው የለም።

ቴስላ ወደ ጀልባዋ ብዙም አልተመለሰም። ከ1901 ጀምሮ ጉልበቱን ያፈሰሰበት የዋርደንክሊፍ የገመድ አልባ ማሰራጫ ግንብ ገንዘብ አጥሮት ሳይጠናቀቅ ቀረና በ1917 ፈረሰ። ቴስላም ጥር 1943 በኒው ዮርክ በሚኖርበት የሆቴል ክፍል ብቻውን ሞተ።