ለሃምሳ ዓመት ታሽጎ እንዲቆይ የታዘዘው የሊንደን ጆንሰን ድምፅ

ሠላሳ ስድስተኛው የዩናይትድ ስቴትስ ፕሬዝዳንት ሊንደን ቤይንስ ጆንሰን እ.ጎ.አ ጥር 22 ቀን 1973 ቴክሳስ በሚገኘው እርሻቸው በልብ ሕመም አረፉ። ብዙም ሳይቆይ፣ ለረጅም ዘመን በታማኝነት ያገለገሏቸው ረዳታቸው የታሸጉ ሳጥኖችን በፕሬዝዳንቱ ስም ለተሰየመው ቤተ መጻሕፍት አስረከቡ። ከሳጥኖቹ ጋር የመጣው ትእዛዝ ግልጽ ነበር፤ ሃምሳ ዓመት ሳይሞላ ማንም እንዳይከፍታቸው የሚል። በውስጣቸው የነበረው ጆንሰን በሥልጣን ዘመናቸው በምስጢር ያስቀዱት የስልክ ንግግር ሲሆን፣ ርዝመቱ ከ600 ሰዓት በላይ ነበር።

ጆንሰን በ1908 የተወለዱት መብራት ባልገባበት የቴክሳስ ገጠር ነው። አባታቸው የክፍለ ግዛቱ ምክር ቤት አባል የነበሩ፣ በኋላ ግን ዕዳ ያደቀቃቸው ሰው ነበሩ። ወጣቱ ሊንደን ኮቱላ በምትባል ትንሽ ከተማ፣ ቁርስ ሳይቀምሱ ትምህርት ቤት የሚመጡ የሜክሲኮ ተወላጆችን ልጆች አስተምረዋል። በ1937 የተወካዮች ምክር ቤት አባል ሆኑ። በ1948 ወደ ሴኔት ያሳለፋቸው የፓርቲያቸው ምርጫ የተለየው በ87 ድምፅ ብቻ ሲሆን፣ የዚያ ድምፅ ቆጠራ ንጽሕና እስከ ዛሬ ያከራክራል። በሴኔት ውስጥ ሰውን አግባብቶም አስፈራርቶም ማሸነፍን የሚያህል ችሎታ አልነበራቸውም።

ኅዳር 22 ቀን 1963 ጆን ኬኔዲ ዳላስ ላይ ሲገደሉ ምክትላቸው ጆንሰን ሥልጣኑን ተረከቡ። ቀረጻውም የጀመረው በዚያው ሰሞን ነው። መሣሪያው ድምፅን በፕላስቲክ ቀበቶ ላይ የሚቀርጽ ዲክታፎን ነበር፤ ፕሬዝዳንቱ ጣታቸውን በአየር ላይ ሲያሽከረክሩ ጸሓፊዋ ትከፍተዋለች። በሌላው ጫፍ ያለው ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያውቀው ነገር የለም። አንድ ሳምንት እንዳለፈ የተቀዳ ንግግር ጠባያቸውን ያሳያል። የቀድሞ መካሪያቸውና ወዳጃቸው ሴናተር ሪቻርድ ራስል የኬኔዲን ግድያ በሚመረምረው ኮሚሽን አልሠራም ብለው ይሟገታሉ፤ ጆንሰን ግን ስማቸውን አስቀድመው ለጋዜጠኞች አስታውቀው ኖሯል።

በእርግጥ ተናጋሪው መሣሪያው መከፈቱን የሚያውቁ ሰው ነበሩ፤ ስለዚህ የተቀዳው ሁሉ የልባቸው እውነት ነው ብሎ መቀበል የዋህነት ይሆናል። ሆኖም ግንቦት 27 ቀን 1964 ከዚያው ከራስልና ከደኅንነት አማካሪያቸው ከመክጆርጅ በንዲ ጋር ስለ ቬትናም የተነጋገሩት ለማንም ስም የሚያተርፍ አይደለም። ጦርነቱ ለአሜሪካ የሚበጅ ሆኖ አልታያቸውም፤ ከገቡበት በኋላ መውጫ እንደማይኖርም ሠግተዋል። ቤታቸው ውስጥ የሚያገለግላቸውን የስድስት ልጆች አባት የሆነ ወታደር እያሰቡ፣ ይህን ሰው በምን ምክንያት ልልከው ነው ብለው ይጨነቃሉ። በአደባባይ የሚናገሩት ግን በሙሉ ልብ ነበር። በዓመቱ፣ ሐምሌ 1965፣ በቬትናም ያለው ጦር ወደ 125,000 ከፍ እንዲል አዘዙ፤ በ1968 ቁጥሩ ከግማሽ ሚሊዮን አለፈ። ከ58,000 በላይ አሜሪካውያንና እጅግ የሚበዙ ቬትናማውያን ያለቁበት ጦርነት መሪ፣ አስቀድመው ተጠራጥረው እንደነበር ለታሪክ ጸሓፊዎች የመሰከረው የራሳቸው ድምፅ ነው።

እኚሁ ሰው የ1964ቱን የሲቪል መብቶች ሕግና የ1965ቱን የድምፅ መስጫ መብት ሕግ አስጸድቀዋል። ጥቅምት 3 ቀን 1965 በነፃነት ሐውልት ሥር የፈረሙት የኢሚግሬሽን ሕግ ደግሞ አውሮፓውያንን የሚያስቀድመውን የኮታ ሥርዓት ሻረ። ዛሬ በዋሽንግተንና በአካባቢው የሚኖሩ ብዙ ኢትዮጵያውያን ከዚያ ፊርማ ጋር የሚያገናኛቸው ታሪክ አላቸው። አፄ ኃይለ ሥላሴም በየካቲት 1967 በኋይት ሐውስ የጆንሰን እንግዳ ሆነው ነበር።

በመጋቢት 1968 መጨረሻ ጆንሰን ዳግም እንደማይወዳደሩ አስታወቁ። ምርጫው ሦስት ቀን ሲቀረው ለሪፐብሊካኑ የሴኔት መሪ ለኤቨረት ደርክሰን ደውለው፣ የሪቻርድ ኒክሰን ሰዎች ደቡብ ቬትናም ከሰላም ንግግሩ እንድትርቅ እየገፋፉ መሆናቸውን ተናገሩ፤ አድራጎቱንም አገርን እንደ መክዳት ቆጠሩት። ኒክሰን በማግስቱ ደውለው ካዱ። ጆንሰን ጉዳዩን ለሕዝብ ሳይገልጡት ቀሩ፤ ኒክሰንም በጠባብ ልዩነት አሸነፉ። አዲሱ ፕሬዝዳንት የጆንሰንን መቅረጫ አስነቅለው፣ በ1971 የራሳቸውን አስተከሉ፤ የእርሳቸው ፍጻሜ የታወቀ ነው።

የታሸጉት ሳጥኖች ሃምሳ ዓመት አልጠበቁም። የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ሃሪ ሚድልተን ፕላስቲኩ ይበላሻል ብለው ሠጉ፤ በባለቤታቸው በሌዲ በርድ ጆንሰን ፈቃድም ሥራው ተጀምሮ የመጀመሪያዎቹ ንግግሮች በ1993 ተሰሙ። ማዳመጡ ቀላል አልነበረም። ድምፁ ይንኳኳል፣ የቴክሳሱ አነጋገር ይጥመለመላል። ጆንሰን የፓኪስታን አምባሳደር እየጠበቃቸው መሆኑን ሲናገሩ፣ ጸሓፊዋ ቃሉን ስድብ አድርጋ ጽፋው ተገኝቷል። ስለዚህ አጥኚዎች ጽሑፉን ትተው ደጋግመው ወደ ድምፁ ይመለሳሉ።

ጥር 2023 የሃምሳ ዓመቱ ቀነ ገደብ ሲደርስ፣ አብዛኞቹ ንግግሮች ማንም ሰው ከድረ ገጽ ሊያዳምጣቸው የሚችሉ ሆነው ነበር፤ ፕሬዝዳንቱ ለአንድ ልብስ ሰፊ ኩባንያ ደውለው ሱሪያቸው የት የት ላይ እንዲሰፋላቸው ያዘዙበት ጭምር።