ሄንሪ ዳርሲ፦ ከዲዦን ቦኖዎች እስከ ኑክሊየር ቆሻሻ

በመሬት ውስጥ የሚጓዝ ውሃ ለዓይን አይታይም። በኑክሊየር ቆሻሻ ማከማቻ ሥፍራ የሚሠራ መሐንዲስ መርዙ በስንት ዓመት ከወንዝ ወይም ከመጠጥ ውሃ ጉድጓድ እንደሚደርስ ሲጠየቅ፣ መልሱን የሚፈልገው በኮምፕዩተር ከሚሠራ የሂሳብ ሞዴል ነው። የሞዴሉ መነሻ የሆነው ሕግ ግን የተገኘው ኤሌክትሮኒክ ኮምፕዩተር ከመሠራቱ ዘጠና ዓመት ያህል አስቀድሞ፣ በአንድ ሆስፒታል ግቢ ውስጥ፣ አሸዋ ከተሞላ ቧንቧ ነው። ያገኘውም ጤናው የተጓደለ ፈረንሳዊ መሐንዲስ ሄንሪ ዳርሲ ነበር።

ዳርሲ በ1803 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በዲዦን ከተማ ተወለደ። አባቱ የሞተው እርሱ ገና የ14 ዓመት ልጅ ሳለ ነው፤ ሆኖም እናቱ ትምህርቱን እንዳያቋርጥ አድርጋ አሳደገችው። በ1821 ፓሪስ ከሚገኘው ኤኮል ፖሊቴክኒክ ገባ። ቀጥሎም በድልድዮችና በመንገዶች ትምህርት ቤት ሙያውን አጠናቆ የመንግሥት መሐንዲስ ሆነ፤ ብዙም ሳይቆይ ወደ ትውልድ ከተማው ተመደበ።

በዚያን ጊዜ የዲዦን ሕዝብ የሚጠጣው ውሃ የጎደፈና የማይበቃ ነበር። በከተማው ውስጥ የተቆፈረው ጥልቅ ጉድጓድም ተስፋ የተጣለበትን ያህል ውሃ ሳይሰጥ ቀረ። ዳርሲ ሮዝዋር ከተባለው ምንጭ ውሃ ለማምጣት ዕቅድ አወጣ። 12.7 ኪሎ ሜትር ርዝመት ባለው የተሸፈነ ቦይ ተመርቶ ውሃው በ1840 ከተማው ገባ። በ1844 በየመንገዱ የቆሙት ቦኖዎች 142 ደርሰው ነበር፤ ውሃውም ከምንጭ እስከ ቦኖ የሚሄደው በቁልቁለቱ ብቻ እንጂ በፓምፕ አልነበረም። ዳርሲ ለዚህ ሁሉ ድካሙ የሚገባውን ከፍ ያለ ክፍያ አልቀበልም አለ። የተቀበለው የወርቅ ሜዳሊያና ዕድሜ ልኩን ለቤቱ የሚሆን ነጻ ውሃ ነው።

ከ1848ቱ አብዮት በኋላ በፖለቲካ ምክንያት ከዲዦን እንዲነሣ ተደረገ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ በፓሪስ የውሃና የመንገድ ንጣፍ ሥራ ኃላፊ ሆኖ ተሾመ። በቧንቧ ውስጥ ስለሚጠፋው የውሃ ግፊት ያደረገው ምርምር የዚህ ዘመን ፍሬ ነው፤ ስሙም ከዋይስባክ ስም ጋር ተጣምሮ እስከ ዛሬ በመማሪያ መጻሕፍት ይገኛል። ጤናው ግን እየደከመ ስለሄደ በ1855 ከመደበኛ ሥራው ተሰናብቶ ለምርምር ብቻ ተተወ።

በዚያው ዓመት በጥቅምትና በኅዳር ወራት ከመሐንዲስ ሻርል ሪተር ጋር በዲዦን ሆስፒታል ግቢ ፈተናውን ጀመረ። መሣሪያው ቁመቱ 3.5 ሜትር፣ ስፋቱ 0.35 ሜትር የሆነ፣ የሶን ወንዝ አሸዋ የተሞላበት ቀጥ ያለ ቧንቧ ነው። ዓላማው ስለ ከርሰ ምድር ውሃ ጥናት ለማድረግ ሳይሆን፣ የመጠጥ ውሃ ማጣሪያ የአሸዋ ገንዳ ምን ያህል ስፋት እንደሚያስፈልገው ለማወቅ ነበር። ያገኘው ውጤት ቀላል ነው፤ በአሸዋው የሚያልፈው ውሃ መጠን ከላይና ከታች ባለው የውሃ ከፍታ ልዩነትና በአሸዋው ስፋት ልክ ይጨምራል፣ በአሸዋው ውፍረት ልክ ይቀንሳል። ቀሪው የአሸዋው ውሃ የማሳለፍ ችሎታ ነው፤ ይህንንም በመለካት እንጂ በማሰብ ማወቅ አይቻልም። ሕጉ በ1856 ስለ ዲዦን የውሃ ሥራ በታተመው ትልቅ መጽሐፉ ላይ በተጨማሪ ማስታወሻ መልክ ወጣ።

የዩናይትድ ስቴትስ የጂኦሎጂ ጥናት መሥሪያ ቤት በ1984 ያወጣው ሞድፍሎ የተባለው ፕሮግራም መሬቱን በብዙ ትናንሽ ክፍሎች ከፋፍሎ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያልፈውን ውሃ የሚያሰላው በዚሁ ሕግ ነው። ለእያንዳንዱ ክፍል የማሳለፍ ችሎታውን ቁጥር የሚሰጠው ግን ሰው ነው። ይህ ቁጥር በጠጠርና በሸክላ አፈር መካከል በሚሊዮን እጥፍና ከዚያም በላይ ይለያያል። ከዚህም ሌላ ውሃው የሚያልፈው በአሸዋው ቅንጣቶች መካከል ባለው ክፍተት ብቻ ስለሆነ፣ እውነተኛ ፍጥነቱ በዳርሲ ሕግ በቀጥታ ከሚገኘው ይበልጣል። በክፍተቱ ድርሻ ማካፈልን የረሳ ሰው መርዙ የሚደርስበትን ጊዜ አርቆ ይገምታል።

የስህተቱ ዋጋ በዋሽንግተን ስቴት፣ በኮሎምቢያ ወንዝ ዳር ባለው በሃንፎርድ ታይቷል። በዚያ ከፕሉቶኒየም ምርት የተረፈው ሬዲዮአክቲቭ ቆሻሻ በ177 የመሬት ውስጥ ታንኮች ተከማችቷል። ከታንኮቹ የፈሰሰው ከውሃው በላይ ባለው ደረቅ አፈር ተይዞ ይቀራል ተብሎ ለብዙ ዓመታት ታመነ። በ1997 ግን ከከርሰ ምድር ውሃው መድረሱን ባለሥልጣኖቹ ራሳቸው ተቀበሉ። የዳርሲ አሸዋ በውሃ የተሞላ ነበር፤ ሙሉ በሙሉ ባልራሰ አፈር ውስጥ ግን የማሳለፍ ችሎታው ከእርጥበቱ ጋር ይለዋወጣል። ለዚህ የሚሆነውን ሂሳብ በ1907 በኪንግሃም፣ በ1931 ደግሞ ሪቻርድስ አስፋፍተውታል። ስለዚህ በሃንፎርድ የጎደለው ቀመር አልነበረም፤ የጎደለው የአፈሩ ልክ ነው። በዲዦን ሪተር እንኳ በ1856 መጀመሪያ ፈተናውን እንደገና ደግሞ ለክቷል፤ ቧንቧውም ከቁመቱ በስተቀር ትልቅ አልነበረም።

ዳርሲ ሕጉ ከወጣ በኋላ ብዙ አልቆየም። በጥር 1858 ፓሪስ ውስጥ በሳንባ ምች ሞቶ በዲዦን ተቀበረ። የዲዦን ሰዎችም የሮዝዋር ውሃ በሚጠራቀምበት አደባባይ ስሙን አኖሩለት፤ አደባባዩ አሁንም የሚጠራው በእርሱ ስም ነው።