ቴዎዶር ኤሸሪክ፦ የሕፃናት ሐኪሙና ስማቸውን የወረሰው ባክቴሪያ

በልደታ ክፍለ ከተማ በሚገኘው በጥቁር አንበሳም ሆነ በሌሎች የአዲስ አበባ ሆስፒታሎች የሽንት ቱቦ ኢንፌክሽንን በሚመለከቱ ጥናቶች ውስጥ ከሁሉ በላይ ደጋግሞ የሚገኘው ባክቴሪያ ኢሸሪሺያ ኮላይ ነው። ስሙን በየዕለቱ በመዝገብ ላይ የምናሰፍር ተማሪዎች ከበስተጀርባው አንድ የሕፃናት ሐኪም እንዳሉ እምብዛም አናስብም።

ቴዎዶር ኤሸሪክ እ.ኤ.አ. በ1857 በባቫሪያ፣ አንስባህ በተባለች ከተማ ከሐኪም አባት ተወለዱ። እናታቸውን በልጅነታቸው በሞት አጡ። በ1881 የሕክምና ትምህርታቸውን ፈጽመው በዉርዝበርግ በረዳት ሐኪምነት ካገለገሉ በኋላ በ1884 የኮሌራ ወረርሽኝ ወደ ነበረባት ኔፕልስ ተጓዙ። ከዚያም በሙኒክ የሮበርት ኮክን ባክቴሪያን ነጥሎ የማሳደግ ዘዴ ተማሩ።

በዚያ ዘመን ሕፃናትን በብዛት የሚፈጀው ተቅማጥ ነበር። ብዙዎች በታመመው ሕፃን አንጀት ውስጥ ገዳዩን ሲፈልጉ ኤሸሪክ ግን ከጤነኛው ጀመሩ፤ የጤነኛው አንጀት ምን እንደያዘ ካልታወቀ በሽተኛው ውስጥ የተገኘው ሁሉ ጥፋተኛ መስሎ ይታያልና። የአራስ ሕፃናትን የመጀመሪያ ዓይነ ምድር መርምረው ባክቴሪያ አልባ ሆኖ አገኙት፤ ጥቂት ሰዓታት ሲያልፉ ግን ባክቴሪያዎች ከውጭ ገብተው ይሰፍሩበታል። ከእነዚህ አንዱን በ1885 ባክቴሪየም ኮላይ ኮሚዩን ብለው አስተዋወቁ። ለእኔ ይህ አካሄድ ከግኝቱ ይበልጣል።

በ1890 ወደ ግራዝ ተዛወሩ። በ1894 ይኸው ሰላማዊ የአንጀት ነዋሪ በሕፃናት ላይ የሽንት ፊኛ ብግነት እንደሚያስከትል ጻፉ። የሴቶች ልጆች የሽንት መውጫ ቱቦ አጭርና ለፊንጢጣ ቅርብ በመሆኑ ለባክቴሪያው መንገዱ ቀላል ነው። በ1902 ወደ ቪየና ተጠርተው የቅድስት አና የሕፃናት ሆስፒታልን መሩ፤ እናቶች ጡት እንዲያጠቡ የሚያበረታታ ማኅበርም መሠረቱ። ልጃቸው ሊዮፖልድ በ1905 በትርፍ አንጀት ሕመም ሞተ፤ እርሳቸውም በ1911 በ53 ዓመታቸው ዐረፉ።

ባክቴሪያው በስማቸው የተጠራው በ1919 ነው። ስያሜውን ከቻልመርስ ጋር ያወጣው አልዶ ካስቴላኒ በ1928 ዓ.ም. አገራችንን የወረረው የጣሊያን ጦር የሕክምና አገልግሎት የበላይ ኃላፊ ነበር። ይህን የሚያውቅ ኢትዮጵያዊ ስሙን በመዝገብ ሲጽፍ ትንሽ ቢያመነታ አይፈረድበትም።

ኤሸሪክ አንቲባዮቲክን ሳያዩ አለፉ። ፔኒሲሊን ገና ለሕዝብ ሳይዳረስ፣ በ1940፣ አብርሃምና ቼይን ይህንን መድኃኒት የሚያፈርስ ኢንዛይም ያገኙት ከእርሳቸው ባክቴሪያ ውስጥ ነበር። የመከላከያው ችሎታ ከመድኃኒቱ ስርጭት ቀድሞ ነበረ ማለት ነው፤ የእኛ አጠቃቀም ያደረገው ችሎታው ያላቸውን መርጦ ማብዛት ነው። ምርጫውም የሚካሄደው በዋነኛነት ኤሸሪክ ባጠኑት አንጀት ውስጥ ነው። ለጉሮሮ ወይም ለተቅማጥ ያለ ትእዛዝ የተዋጠ ክኒን በአንጀት ያሉትን ደካሞች ጠርጎ የተላመዱትን ያስቀራል፤ እነዚህም የመላመጃ ጂናቸውን በፕላዝሚድ አማካይነት ለጎረቤቶቻቸው ያቀብላሉ። ከወራት በኋላ ወደ ፊኛ የሚወጣው ከእነዚሁ አንዱ ሊሆን ይችላል።

በከተማችን በተደረጉ ጥናቶች አምፒሲሊንና ኮትራይሞክሳዞል በዚህ ባክቴሪያ ላይ አቅማቸው እጅግ ደክሞ ታይቷል፤ ናይትሮፉራንቶይን በአንጻሩ የተሻለ ሆኖ ቆይቷል። ይህ ልዩነት የሚታወቀው ግን በካልቸር ነው፤ ባክቴሪያውን ለማሳደግ አንድ ሌሊት፣ የመድኃኒት ምላሹን ለማየት ደግሞ ሌላ ሌሊት ይጠይቃል። ታማሚዋ በዚያ መካከል በግምት የታዘዘላትን ክኒን ጀምራለች። በሦስተኛው ቀን በመድኃኒቱ ዲስክ ዙሪያ ባክቴሪያው ያለ ክፍተት አድጎ ስናይ ውጤቱን ጽፈን እንልካለን፤ ወረቀቱ ሲደርስ ግን ታማሚዋ ብዙ ጊዜ ወደ ቤቷ ሄዳለች።