ከጥንቸሉ ጀርባ የነበረው ጉሮሮ

ባግስ በኒ የተባለውን ካሮት የማያልቅበት ጥንቸል የማያውቅ የካርቱን ተመልካች ያለ አይመስለኝም። ይኸው ጥንቸል ከዳክዬው ዳፊና ከአሳማው ፖርኪ ጋር እ.ኤ.አ. በ2020 ሉኒ ቱንስ ካርቱንስ በሚል ርዕስ እንደገና ተሠርቶ ኤች.ቢ.ኦ. ማክስ በተባለው የኢንተርኔት ቴሌቪዥን ቀረበ። ፒት ብራውንጋርት የመራው ቡድን የ1940ዎቹን አሳሳል፣ ሩጫና ግጭት መልሶ አመጣ። አዳኙ ኤልመር ፈድ ጠመንጃውን ተቀማ፤ ድማሚቱ ግን አልቀረም። እንግዲህ ስዕልን አይቶ መሳል ይቻላል። እኔን ያሳሰበኝ ድምፁ ነው። የእነዚያ ሁሉ እንስሳት ድምፅ ለግማሽ ምዕተ ዓመት የወጣው ከአንድ ሰው ጉሮሮ ነበርና።

ሰውየው ሜል ብላንክ ይባላል። እ.ኤ.አ. ሜይ 30 ቀን 1908 በሳን ፍራንሲስኮ ከአይሁዳውያን ወላጆች ተወልዶ ያደገው በፖርትላንድ፣ ኦሪገን ነው። የቤተሰቡ ስም በእንግሊዝኛ ባዶ ማለት ነበር። አንዲት መምህርት እንደ ስሙ ባዶ ሆኖ እንደሚቀር ብትነግረው የስሙን የመጨረሻ ፊደል ቀየራት። (በእኛ ፊደል ሲጻፍ ለውጡ አይታይም፤ ለልጁ ግን ትልቅ ነገር ነበር።)

በ1927 በሬዲዮ ጀመረ። በ1933 ኤስቴልን አግብቶ ከእርሷ ጋር የሬዲዮ ፕሮግራም ሠራ፤ ከዚያም ሁለቱ ወደ ሎስ አንጀለስ አቀኑ። የካርቱን ስቱዲዮውን በር ቢያንኳኳ ኃላፊው ሊሰማው እንኳ አልፈቀደም። በሩ የተከፈተለት በቦታው ሌላ ሰው ሲተካ ነው። የመጀመሪያ ሥራው የሰከረ በሬ መሆን ነበር።

በ1937 ፖርኪን ተረከበ። ከእሱ በፊት የነበረው ተዋናይ ጆ ዶኸርቲ የምር ይንተባተብ ስለነበር ቀረጻው ማለቂያ አልነበረውም። ሜል ግን ሲፈልግ ይንተባተባል፣ ሲፈልግ ያቆማል። በዚያው ዓመት ዳፊ፣ በ1940 ደግሞ ባግስ በኒ መጡ። ካሮት ሲታኘክ የሚሰማውን ድምፅ የሚተካ ነገር ስላልተገኘ የምር ያኝክ ነበር። አፉን ሞልቶ መናገር ስለማይችል ቀረጻው ይቆማል፣ ይተፋዋል፣ ንግግሩን ይቀጥላል። ካሮት አይስማማውም ነበር የሚባለው ወሬ ውሸት ነው።

ደመወዝ እንዲጨመርለት ሲጠይቅ አምራቹ ሊዮን ሽሌሲንገር እምቢ እንዳለው ሜል ራሱ ተርኳል። በምትኩ ስሙ በፊልሙ ላይ እንዲጻፍ ተፈቀደለት። በዚያ ዘመን ድምፅ የሚሰጡ ተዋንያን ስማቸው አይጻፍም ነበር። ገንዘቡ ቢቀርበትም ስሙ ተመልካቹ ዘንድ ደረሰ፤ ሥራም አመጣለት። እኔ ብሆን ተታለልኩ ብዬ አኮርፍ ነበር።

ጃንዋሪ 24 ቀን 1961 ሰንሴት ቡለቫርድ ላይ በአደገኛነቱ በሚታወቅ ኩርባ ላይ መኪናው ከሌላ መኪና ጋር ፊት ለፊት ተጋጨች። ሁለት እግሮቹ፣ ዳሌውና የራስ ቅሉ ተሰበሩ። ራሱን ስቶ ወደ ሁለት ሳምንት ያህል ተኛ። ሐኪሞች፣ ሚስቱና ልጁ ኖኤል ቢጠሩትም መልስ የለም። በመጨረሻ አንድ የነርቭ ሐኪም ሜልን ትቶ የባግስ በኒን ደህንነት ጠየቀ። ይሄኔ ሜል በጥንቸሉ ድምፅ መለሰ። ሐኪሙ ሌሎቹንም ገጸ ባሕርያት በየስማቸው ጠራ፤ እነርሱም መለሱ። የራሱ ስም ያልቀሰቀሰውን ሰው የጥንቸሉ ስም ቀሰቀሰው ማለት ነው።

ከአንገት በታች በጀሶ ተጠቅልሎ እንኳ ከሥራ አልራቀም። ፍሊንትስቶንስ በተባለው ካርቱን የባርኒ ድምፅ እሱ ስለነበር ዶዝ በትለር ጥቂት ክፍሎች ላይ ከተካው በኋላ ባልደረቦቹ ቤቱ እየመጡ አልጋው ዙሪያ ማይክሮፎን ተከሉ።

በ1988 ሮጀር ራቢት በተባለው ፊልም ላይ ባግስንና ዳፊን ከዲዝኒዎቹ ሚኪና ዶናልድ ጋር አጫወታቸው። ጁላይ 10 ቀን 1989 በ81 ዓመቱ አረፈ። በሆሊውድ የሚገኘው የመቃብር ድንጋዩ ላይ ፖርኪ ካርቱኑን የሚዘጋበት ስንብት ተቀርጿል።

ከዚያ በኋላ ውርሱ ተከፋፈለ። አንዱ ጥንቸሉን፣ ሌላው ዳክዬውን፣ ሌላው አሳማውን ወሰደ፤ ሁሉን በአንድ አፍ የሚይዝ አልተገኘም። በ2020ው ሥራ ባግስንና ዳፊን ያገኘው ካናዳ የተወለደው ኤሪክ ባውዛ ነው። ጆሮዬ እንደሚለኝ ባውዛ ጥሩ ነው፤ በተለይ ዳፊ ሲናደድ። በማርች 2025 አሜሪካ ውስጥ ለእይታ በበቃው ረጅም ፊልም ላይ ደግሞ ዳፊንም ፖርኪንም ለብቻው ተጫውቷል፤ ዳክዬውና አሳማው ሲጨቃጨቁ የሚሟገተው አንድ ሰው ከራሱ ጋር ነው፤ ልክ እንደ ሜል ዘመን።