እቴጌ ምንትዋብና ደብረ ፀሐይ ቁስቋም

በየዓመቱ ኅዳር 6 ቀን የሚከበረው የቁስቋም በዓል፣ እመቤታችን ከሄሮድስ ሰይፍ ልጇን ለማዳን ወደ ግብፅ ከተሰደደች በኋላ ያረፈችበትን ደብር የሚያስታውስ ነው። ይህን ስም ለጎንደር ያተረፈላት፣ ከከተማይቱ በስተ ምዕራብ ካለው ኮረብታ ላይ ደብረ ፀሐይ ቁስቋምን ያሳነጹት እቴጌ ምንትዋብ ናቸው። እቴጌይቱ ከአራት አሥርት ዓመታት በላይ በቤተ መንግሥቱ ዙሪያ የኖሩ፣ ለልጅም ለልጅ ልጅም ሞግዚት ሆነው ሀገር የመሩ ሴት ነበሩ።

ምንትዋብ የተወለዱት በቋራ ነው። የክርስትና ስማቸው ወለተ ጊዮርጊስ፣ እናታቸውም ወይዘሮ እንኮዬ ይባሉ ነበር። እንደሚተረከው፣ ዐፄ በካፋ ማንነታቸውን ሰውረው በሀገር ሲዘዋወሩ ታመው በቋራ ሳሉ ይህችን ቆንጆ አዩ፤ በእርሷም እጅ ታክመው ከዳኑ በኋላ አገቧት። የትረካው ዝርዝር ምንም ይሁን፣ ጋብቻው የቋራን ቤት ከጎንደር ዙፋን አጠገብ ማስቀመጡ ግን የተረጋገጠ ነው።

በካፋ በ1723 ዓ.ም. ባረፉ ጊዜ ልጃቸው ኢያሱ የሰባት ዓመት ገደማ ሕፃን ነበሩ። አልጋ ወራሽ ሕፃን ሲሆን መሳፍንት እንደሚነሡ የተረዱት ምንትዋብና ወገኖቻቸው ሥራቸውን በፍጥነት ፈጸሙ። ሕፃኑ ነገሠ፤ እናቱም በዚያው ዓመት ዘውድ ደፍተው ብርሃን ሞገሳ በሚል ስመ መንግሥት እቴጌ ተባሉ። ስለዚህ ከልጃቸው ጋር የዙፋን ተካፋይ እንጂ የንጉሥ እናት ብቻ አልነበሩም።

ሥልጣኑ ግን ያለ ፈተና አልጸናም። በ1725 ዓ.ም. ተቃዋሚዎች ሕዝቅያስ የተባለ ሌላ ንጉሥ ሰይመው ጎንደርን ያዙ፤ እናትና ልጅ በግንቡ ቅጥር ውስጥ ተከበቡ። ግንቡ እስከ ረድኤት መምጫ ድረስ ጸና። ከበባውን ከሰበሩት የጦር መሪዎች አንዱ የኦሮሞው ጀግና ዋረኛ ነበሩ። ከዚህ ወዲያ የእቴጌይቱ ወንድም ራስ ቢትወደድ ወልደ ልዑል የመንግሥቱን ሥራ በመምራት ለረጅም ዓመታት ዋነኛ ድጋፋቸው ሆኑ።

ሰላሙ ሲመለስ ምንትዋብ ወደ ሕንፃና ወደ ጥበብ ፊታቸውን መለሱ። የቁስቋም ቤተ ክርስቲያን፣ በአጠገቡም የራሳቸው ቤተ መንግሥትና ግብር ቤት ተሠሩ። በጣና ሐይቅ ውስጥ በደቅ ደሴት የሚገኘው ናርጋ ሥላሴም የእርሳቸው ሥራ ነው። በዚያ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ እቴጌይቱ በእመቤታችንና በልጇ እግር ሥር ወድቀው ይታያሉ። ይህች ሥዕል ዘውድ የደፋች ሴት በሠዓሊዎቿ ዘንድ እንዴት መታየት እንደ ፈለገች ትነግረናለች።

በ1736 ዓ.ም. ግን ዐፄ ኢያሱ በስናር ላይ የዘመቱት ዘመቻ በሽንፈት ተፈጸመ። ከሠራዊቱ ጋር የወጣው የኵርዓተ ርእሱ ሥዕልም በጠላት እጅ ወደቀ፤ በኋላ በወርቅ ተቤዥቶ ቢመለስም ውርደቱ በመኳንንቱ ልብ ቀረ። የቋራ ወገን በሹመት በዝቷል የሚለውም ቅሬታ ይሰማ ጀመር።

እቴጌይቱ ቅሬታን የሚያበርዱት በጋብቻ ነበር። ለልጃቸው ለኢያሱ ከኦሮሞ ባላባት ወገን ውቢትን አጋቡ። ባላቸው ከሞቱ በኋላ ከግራዝማች ኢያሱ ከወለዷቸው ሴቶች ልጆቻቸውም ወይዘሮ አልጣሽ ለትግራዩ ገዥ ለሚካኤል ስሑል ልጅ ለወልደ ሐዋርያት ተዳረች። ዓላማው ጦርን በዝምድና ማሰር ነበር፤ ሆኖም ያው ዝምድና ለእያንዳንዱ ወገን ወደ ዙፋኑ የሚያስገባ በር ከፈተ።

ዐፄ ኢያሱ በ1747 ዓ.ም. ሲያርፉ ልጃቸው ኢዮአስ ነገሠ፤ ምንትዋብም ዳግመኛ ሞግዚት ሆኑ። ይሁንና በዚህ ጊዜ በአዳራሹ ሁለት እናቶች ነበሩ። ውቢት የወገኖቿን ሹመት፣ እቴጌይቱ የቋረኞችን ሹመት ይሹ ነበር። ሁለቱን ወገኖች ሚዛን ጠብቀው ያቆዩት ወልደ ልዑል በ1759 ዓ.ም. ሲሞቱ የሚያስታርቅ ሰው ጠፋ። ከዚያም ሚካኤል ስሑል ወደ ጎንደር ተጠሩ።

ጥሪው መፍትሔ መሰለ፤ ሚካኤል ግን መጥተው የሚመለሱ ሰው አልነበሩም። በ1761 ዓ.ም. በአዘዞ አጠገብ የንጉሡን ወገን የያዙትን ፋሲልን ድል አደረጉ። ፋሲል በ1725 ዓ.ም. እቴጌይቱን ከከበባ ካወጡት መሪዎች አንዱ የነበሩት የዋረኛ ልጅ ናቸው። አባት ያዳኑትን ዙፋን ልጅ ሊያድኑት አልቻሉም። ኢዮአስ በሚካኤል ትእዛዝ ተገደሉ። በታሪካችን ዘመነ መሳፍንት የሚባለው የመከፋፈል ዘመን መጀመሪያም ይህ ዓመት ሆኖ ይቆጠራል።

ምንትዋብ የልጅ ልጃቸውን በልጃቸው አጠገብ በቁስቋም ቀበሩ። ልጃቸው ወይዘሮ አስቴር የዚያው የሚካኤል ሚስት መሆኗ ኀዘኑን ይበልጥ ያከብደዋል፤ ከሳሽም ተከሳሽም የአንድ ቤት ሰዎች ነበሩና። በ1762 ዓ.ም. ጎንደር የገባው ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በቁስቋም ተቀብለውት በፈንጣጣ የታመሙ የቤተሰባቸውን ልጆች እንዲያክም አደረጉ። በ1765 ዓ.ም. አረፉና በዚያው ደብር ተቀበሩ።

የቁስቋም ግንብ በ1880 ዓ.ም. ድርቡሾች ጎንደርን ባቃጠሉ ጊዜ ጉዳት ደርሶበታል፤ ዛሬም ከፍርስራሹ የቀረው ውበቱን ይመሰክራል። እቴጌይቱን ስንመዝን ሁለቱንም ማየት ይገባናል። በአንድ በኩል ሁለት ሕፃናት ነገሥታትን አሳድገው ሀገርን ለአሥርት ዓመታት አቆይተዋል። በሌላ በኩል መንግሥትን በሕግና በሥርዓት ሳይሆን በዝምድና ብቻ ማሰር ዘመዱ ሲጣላ ሀገሩንም እንደሚያጣላ ዘመናቸው አሳይቷል። ልጇን ከሰይፍ ይዛ በሸሸችው እናት ስም ደብር ያሳነጹት እቴጌ፣ የራሳቸውን የልጅ ልጅ ከሰይፍ ማዳን አለመቻላቸው ለዚህ በዓል አንባቢ ሊታሰብበት የሚገባ ነገር ነው።